የጋሼን ብረት ያወጣሁባቸው ዓመታት

ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። ሽኝት አልተደረገልኝም፤ ጋቢ ያለበሰኝ፣ ንግግር ያደረገልኝ ሰው የለም። ጋሼና እናቴ ከሆስፒታል ሲመለሱ እናቴ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «በኪኒን ሆኗል፤ ካሁን በኋላ መርፌው ቀርቷል፣ ተገላገልሽ» አለችኝና ሽንኩርት እንድልጥ ወደ ኩሽና ላከችኝ። በቃ። ያን ያህል ዘመን ያገለገለ ሠራተኛ በሽንኩርት ተሸኘ።

ስለዚህ ራሴን በራሴ ልሸኝ ብዬ ይህን ጻፍኩ። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ እጄን የሚያቆመው ነገር ጠፍቷል። ትልልቅ ሰዎች ሥራ ሲለቁ የሥራ ዘመናቸውን ይጽፋሉ። እኔስ ምን ይጎድለኛል? አለቃ ነበረኝ፣ አሠልጣኝ ነበረችኝ፣ ክፍለ ሀገር ተመድቤ ሠርቻለሁ። ደንበኛዬ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ለማሳበድ ይበቃል።

ደንበኛዬ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ስሙ ከድር ነው፣ እኔ ጋሼ ነው የምለው። ጌጃ ሰፈር የጫማ ሶልና ማስቲሽ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው፤ ከታመመ ወዲህ የሚኖረው ከእኛ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። መቅኔው ደም በበቂ መሥራት አቁሟል። ስለዚህ በየጊዜው ሆስፒታል ሄዶ የሰው ደም ይወስዳል። ደም በወሰደ ማግስት ፊቱ ይመለሳል፣ ሱቁን ይከፍታል፣ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል። ችግሩ ደም ውስጥ ብረት አለ። ሰውነታችን ደግሞ ብረት የሚያስገባበት እንጂ ትርፉን የሚያስወጣበት በር የለውም። በየደም ከረጢቱ የገባው ብረት እየተጠራቀመ መጀመሪያ ጉበት ላይ፣ ቀጥሎ ልብ ላይ ይቀመጣል። ዶክተሩ ለእናቴ ሲያስረዳት «ደሙ ያኖረዋል፤ ብረቱ ካልወጣ ግን ልቡን ያደክመዋል» አላት። እኔ ከጎኗ ቆሜ ነበር። ይቺን አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ብረቱን የሚያወጣው መድኃኒት ዱቄት ነው። በውኃ ይሟሟል፣ በስሪንጅ ይሳባል፣ ስሪንጁ የእጅ ባትሪ በምታክል ፓምፕ ላይ ይታሰራል። ከዚያ በቀጭን ቱቦና በቀጭን መርፌ ሆድ ቆዳ ሥር ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲገባ ያድራል። ጠዋት ይነቀላል። ብረቱ በሽንት ይወጣል። ለዚህ ሥራ የተቀጠርኩት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ተወዳድሬ አይደለም። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው እንደ በዓል ነው። እናቴ ደግሞ መርፌ ስታይ ትወድቃለች። አወጋጉን ልትማር የሄደች ቀን ወደቀች፤ ታማሚው ጋሼ ከአልጋው ተነስቶ ለጤነኛዋ እህቱ ቦታ ለቀቀላት። ነርሷ ሲስተር ወርቅነሽ ሁለቱንም አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ትወድቂያለሽ?»

«አልወድቅም።»

«እስቲ ክንድሽን አምጪ።»

በባዶ መርፌ ወጉኝ። አመመኝ፣ ግን አልወደቅኩም። ከዚያ የራሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡና አዲስ መርፌ ከፍተው ሰጡኝ። «አሁን እኔን ውጊኝ።» መርፌውን ቀስ ብዬ ሳስጠጋ አይተው «ቀስ ስትዪ ነው የሚያመው፤ ከወሰንሽ ወስነሽ ግቢ» አሉኝ። ወሰንኩ። ሲስተር ክንዳቸውን እንደ ዕቃ ገልብጠው መረመሩና «ትሠራለች» አሉ። የቅጥር ደብዳቤዬ ይቺ ቃል ነበረች።

ሲስተር ወርቅነሽ ጠባያቸው ሌላ ነው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሰዓታቸውን አውልቀው ግራ ኪሳቸው ይከታሉ፤ ሰዓት የሚያይ ሰው እጁ ይቸኩላል ይላሉ። ቆመው ወግተው አያውቁም፣ ሁልጊዜ ተቀምጠው ነው። የጠርሙሱን ስም፣ ስንት ጊዜም አይተውት ቢሆን፣ ፍርድ ቤት የቆሙ ይመስል ጮክ ብለው ያነቡታል። ከመርፌ በፊት «አይዞህ» አይሉም። «ገና ሳይወጋ አይዞህ ካልሽው የሚያስፈራ ነገር መምጣቱን ነገርሽው ማለት ነው። አይዞህ ከመርፌው በኋላ ነው።» ይህን ሁሉ ቀዳሁባቸው። ሰዓት ስለሌለኝ እንኳ የእጄን ክር አውልቄ ኪሴ እከት ነበር።

ውኃውን ዱቄቱ ላይ በቀጥታ ከጨመሩት አረፋ ይሆናል። በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል ማንሸራተት ነው። አይነቀነቅም፤ በሁለት መዳፍ መሃል ቀስ ተደርጎ ይንከባለላል፣ ብርሃን ላይ ተይዞ ይታያል፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ካልሟሟች እንደገና ይንከባለላል። ስሪንጁ ውስጥ አየር ከቀረ በጣት ጥፍር ቶክ ቶክ ይደረጋል። ትናንት የተወጋበት ቦታ ዛሬ አይነካም፤ የጋሼ ሆድ ላይ እንደ ሠፈር የተከፋፈለ ካርታ በጭንቅላቴ ነበረኝ። ጠዋት መርፌው ሲነቀል መድኃኒቱ ያደረበት ቦታ ትንኝ እንደነከሰው ለስለስ ብሎ ያብጣል። ያቺን እብጠት በጣቶቼ ጀርባ ዳብሼ «ገብቷል» እላለሁ፣ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ።

ጋሼ መርፌውን አንድ ቀን ክፉ ተናግሮት አያውቅም። ጩኸቱ ለፕላስተሩ ነው። «ጸጉሬን ነቀልሽው! ወላሂ ይቺ ልጅ ጠላት ናት!» ከዚያ በየምሽቱ ያው ልመና፣ ስሜን ሐያትን አቆላምጦ፤

«ሐዩ፣ የዛሬ ይለፈኝ።»

«ለምን?»

«ኳስ አለ።»

«ፓምፑ ኳስ ማየት ይከለክላል?»

«ሆዴ ደክሞታል።»

«ሆድ ይደክመዋል እንዴ?»

«የእኔ ይደክመዋል።»

ለአረፋ ወደ ቡታጅራ ሲሄድ እኔም አብሬ ተመደብኩ። በዓሉን አላየሁትም ማለት ይቻላል። የፓምፑ ባትሪ አለቀ፤ ገበያ ወጥቼ የገዛሁት ባትሪ ቤት ሳልደርስ የሞተ ነበር፤ ስመለስ ዘመዶቻችን በሙሉ ጋሼን ከበው፣ ፓምፑ ሬዲዮ ነው ስልክ ነው እያሉ ይከራከራሉ። ክትፎ ደግሞ ተራራ አክሎ ቀርቧል። ጋሼ በዓይኑ ለመነኝ። ጥሬ ሥጋ ተከልክሏልና በዓይኔ እምቢ አልኩት። ዘመዶቹ «ይቺ ማናት፣ አጎቷን በአረፋ የምታስርብ?» አሉ።

ምግብ ካነሳሁ አይቀር ልናገር። ደም አነሰው ሲባል የሕንጻው እናቶች ቀይ ሥርና ጉበት ይዘው ይመጣሉ። ጉበት! ብረት የሞላበት ሰውዬ ዘንድ ብረት የሞላበት ምግብ! ዶክተሩ ዋናው ነገር ደሙ ነው፣ ምግቡ ያን ያህል አያስጨንቃችሁ፣ ጉበቱን ግን ተዉት፣ ሻይ ከምግብ ጋር ይጠጣ ብሏል። ይህን ደረጃ ለደረጃ ስናገር እከርማለሁ። እነሱ «እሺ የእኔ ልጅ» ይሉና በማግስቱ ጉበቱን ከትፈው፣ እንዳይታወቅ በቃሪያ ሸፍነው ያመጣሉ።

ግን መቀየም አልችልም፤ ጋሼን ያቆሙት እነሱ ናቸው። ሆስፒታሉ ለወሰድነው ደም ምትክ ሰጪ አምጡ ይላል። ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ተካ የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ናቸው። የሕንጻውን ጎረምሶች ታክሲያቸው ላይ ጭነው የሚወስዱት እሳቸው ናቸው፤ ረዳታቸው በር ላይ ተንጠልጥሎ «ደም ባንክ፣ ደም ባንክ፣ የሞላ!» እያለ ይጮሃል። ጋሽ ተካ ራሳቸውም በየጊዜው ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ጋሼን እንደ ርስታቸው ነው የሚያዩት።

«ከድሬ!» ይላሉ ከታች ወደ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ዛሬ ዓርብ ነው! ሥጋ እንዳትበላ፣ ደሜን ታስገድፈዋለህ!»

«እሺ!» ይላል ጋሼ ከበረንዳው። «ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ከእኔ ጋር ይጾማል፣ ንገረው!»

ነገሩ የተበላሸው ውኃ የጠፋ ሰሞን ነው። መድኃኒቱ ብረቱን ሲያወጣ ሽንት ቀለሙ ይለወጣል፣ ቀይ ሻይ ይመስላል። ለእኔ ያ ቀለም ደመወዜ ነበር፤ ሠራሁ ማለት ነው። ያን ሰሞን ግን ሽንት ቤቱ ላይ የምንደፋው ውኃ አልነበረም። የጋሽ ተካ ባለቤት እትዬ ዘነበች ሊጠይቁን መጥተው ወደ ሽንት ቤት ገቡ፣ እየጮሁ ወጡ።

«ኡ ኡ! ደሙን እኮ ነው የሚሸናው!»

«ደም አይደለም እትዬ፣ ብረት ነው።»

«ብረት ቀይ ነው እንዴ? ብረት ጥቁር ነው!»

«ዝገትስ?»

«ሰው ይዝጋል? ዝም በይ አንቺ!»

ሳይመሽ ወሬው ሕንጻውን አዳረሰ። ልጆቻችን የሰጡትን ደም ሐያት ሌሊት ሌሊት በማሽን እየቀዳች ታወጣዋለች ተባለ። እናቴ አስረዳች፣ እኔ አስረዳሁ፤ አንዱን ፎቅ ሳሳምን ሌላው ይቀየማል። ጋሽ ተካ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ነርሷ፣ የእኔን ደም የት አደረግሽው?» ብለው ቀለዱ። ጋሼ ከኋላዬ ነበር። የሳቀ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ጨዋ ሆነ። «ይለፈኝ» ማለት ቀረ። ስወጋው ዝም፣ ፕላስተር ስለጥፍ ዝም። ጠዋት ደግሞ ሳልነሳ ራሱ ነቅሎ፣ ባዶውን ስሪንጅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል፤ «ትምህርት ይረፍድብሻል ብዬ ነው።» ደስ አለኝ። ውኃውም ተመልሶ ሽንት ቤቱን ራሱ ስለሚደፋ ቀለሙን አላየሁም፤ በመጨረሻ ሰው ሆነ አልኩ።

በጋው ሊያልቅ ሲል እግሩ ማበጥ ጀመረ። ደረጃ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሆስፒታል ሲሄድ የተጠራቀመውን ብረት የሚናገረው የደም ምርመራ፣ ፌሪቲን የሚሉት፣ ሽቅብ ወጥቷል። ዶክተሩ ልቡን በማሽን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «መድኃኒቱን በየቀኑ ትሰጪዋለሽ?» አለኝ። «አዎ።» «በትክክል ነው የምታሟሚው?» «አዎ!» እናቴ እንኳ ቀና ብላ አየችኝ። «ብረቱ ልቡ ላይ መቀመጥ ጀምሯል፤ እንዲህ ከቀጠለ ልቡ አይችለውም» አለ ዶክተሩ። ወደ ቤት እስክንመለስ ታክሲ ውስጥ ማንም አላናገረኝም።

ሲስተር ወርቅነሽ ቤታቸው እዚሁ አጠገባችን፣ ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ነው፤ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ ብቅ እላለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ። መጡ። ጋሼ ገና ከአልጋው እየተነሳ ነበር፤ ባዶው ስሪንጅ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሲስተር ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ሆድዎን ያሳዩኝ።»

የመርፌው ቀዳዳ አለ። በጣቶቻቸው ጀርባ ዙሪያውን ዳበሱት። እብጠት የለም፣ ሜዳ ነው።

«እዚህ ቆዳ ሥር መድኃኒት አላደረም» አሉ።

ጋሼ ወደ ግድግዳው ዞረ። «አጠፋዋለሁ» አለ። «እሷ ስትተኛ ፓምፑን አጠፋዋለሁ። ጠዋት መታጠቢያው ውስጥ እደፋዋለሁ።»

እኔ ጮህኩ። አንድ ሙሉ በጋ እያንከባለልኩ ያሟሟሁት፣ እናቴ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስትዞር ያገኘችው መድኃኒት! «ለምን? ለምን ጋሼ?»

«ተካ ክንዱን ሰጥቶኛል። ልጆቹ ሰጥተውኛል። እኔ በየጠዋቱ የሰውን ደም ሽንት ቤት ስደፋ... ሰው ምን ይለኛል?»

«ደም አይደለም! ብረት ነው! ስንት ጊዜ ነገርንህ!»

«አውቃለሁ። ዶክተሩ ብረት ነው ይላል። ዓይኔ ግን ደም ነው የሚያየው።»

ይሉኝታ ሰው ሲገድል በዓይኔ እያየሁ ነው። ሲስተር ግን አልተቆጡም። «ከአቶ ከድር ጋር አትጨቃጨቂ። የምታሳምኚው ሰው ታች ነው ያለው» አሉኝና ሄዱ።

ወረድኩ። ጋሽ ተካ ታክሲያቸውን ያጥባሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብረቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጋሼ ለምን መድኃኒቱን እንደደፋ፣ ልቡ ምን ላይ እንደደረሰ። ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ።

«ብረቱ የሚመጣው ከደሙ ነው? ከእኔ ደም?»

«ከማንም ሰው ደም ጋሽ ተካ። የሁሉም ሰው ደም ብረት አለው።»

«እንግዲያው እኔ ነኛ የገደልኩት!»

«አልሞተም! አራተኛ ፎቅ ተኝቷል!»

«ከእንግዲህ አልሰጥም። ጎረምሶቹንም አልወስድም። እኔ ሰው አልመርዝም።»

ራሴን ይዤ ኮብልስቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዱን ስሕተት ላርም ወርጄ ሌላ ወለድኩ። ደሙ ከቀረ ጋሼ ብረቱ እስኪገድለው እንኳ አይደርስም። የሚቀጥለው ደም የሚወስድበት ቀን ደግሞ ቀርቧል። እናቴ ወርዳ ለመነች፤ ጋሽ ተካ ፊታቸውን አዙረው «አታስገድዱኝ» አሉ። እሳቸው እምቢ ካሉ ሌላው ሁሉ እምቢ ነው፤ ታክሲውም፣ ሰዉም የእሳቸው ነው።

ለጋሼ ነገርኩት። እየተናደድኩ፣ ሁሉንም። ሰምቶ ሲጨርስ «ጫማዬን አምጪ» አለ። ያበጠ እግር ጫማ ስለማይገባው በነጠላ ጫማ ወረደ። እኔ በርጩማ ተሸክሜ ከኋላው። በየደረጃው መታጠፊያ ላይ በርጩማውን አስቀምጥለታለሁ፣ ይቀመጣል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል። «ሰው ልጥራ፣ ይምጡ እሳቸው» ስለው «የሚለምነው ነው የሚሄደው» ይለኛል። በየቤቱ በር ሰው ብቅ ብሎ ያያል። ምንም ይሉኝታ አልቀረለትም፤ ሁሉ አየው።

ጋሽ ተካ ሲያዩት በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ተካ» አለ ጋሼ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ቃሉን እየቆራረጠ። «ደምህን ስጠኝ። ብረቱን ለዚች ልጅ ተውላት። አንተ ስጥ፣ እሷ ታወጣለች።»

«ሽንት ቤት ስትደፋው...»

«እደፋዋለሁ። አንተም እየሰማህ እደፋዋለሁ። ካልደፋሁት እሞትብሃለሁ፣ ከዚያ ያንተም ደም አብሮኝ ይቀበራል።»

እትዬ ዘነበች ከውስጥ «ስማ እንጂ ሰውዬ!» አሉ። ጋሽ ተካ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ዓርብ ዓርብ ግን ትጾምልኛለህ» አሉ።

«እጾማለሁ።»

ጋሽ ተካና ጎረምሶቹ ከነበርጩማው ተሸክመው አራተኛ ፎቅ መለሱት። ጋሼ በየመታጠፊያው «ቀስ፣ ቀስ፣ ዕቃ አይደለሁም!» ይላል፤ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጮህ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ በረታ። ሆስፒታል ተኝቶ ታከመ፣ ሲወጣ ፓምፑ ቀንም ይሠራ ጀመር፣ ሱቅ ድረስ ወገቡ ላይ ታጥቆት ይሄዳል። ጠዋት እኔው እነቅላለሁ፣ እኔው እዳብሳለሁ። ወደ ትምህርት ቤት ስወርድ ጋሽ ተካ ከታክሲያቸው መስኮት «ቀላ ወይ?» ብለው ይጮሃሉ፣ ጎረምሶቹ ይሰማሉ፣ እኔ መሬት ብትውጠኝ ብዬ «ቀላ!» እላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች ሴት ልጅ የአጎቷን ሽንት ለሠፈር ታበስራለች! ስንት ቀን «ቀስ ብለው ይጠይቁኝ» ብዬ ለመንኩ። አልሆነም።

እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። ፌሪቲኑ ወረደ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዶክተሩ የልቡን ምርመራ አይቶ «እንዲህ ነው እንጂ» አለና ወደ ኪኒን አዛወረው። እኔም ሥራ አጣሁ፣ ሽንኩርት ላጥኩ።

ኪኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በብርጭቆ ውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ነው። ከብርጭቆው ግርጌ ነጭ ዝቃጭ ይቀራል፤ እሱም መድኃኒት ነው፣ ትንሽ ውኃ ጨምሮ አለቅልቆ መጠጣት ያስፈልጋል። ይህን ለጋሼ ነግሬዋለሁ፣ ደግሜ ነግሬዋለሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ራሱ ላይ ቆምኩ።

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?»

«አይቼ ልሂድ ብዬ ነው።»

«ጡረታ ወጣሁ ስትዪ አልነበር? ጡረተኛ ቢሮ አይመላለስም። ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

አማሰለ። ፊቱን አጨማዶ ጠጣ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ነጩ ዝቃጭ ግርጌው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ምላሴን ነከስኩ። ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ደረጃው አናት ላይ ጎንበስ ብዬ የታሰረውን የጫማ ክሬን ፈትቼ እንደገና ማሰር ጀመርኩ።

ጆሮዬን ወደ ውስጥ ጣልኩ። ከዚያ ጀሪካን ሲዘነበል ሰማሁ፤ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሲወርድ፣ ማንኪያ ሲያንኳኳ፣ ከዚያም ጋሼ ብቻውን፣ ማንም ሳያየው፣ «ኤጭ!»

ክሬን አስሬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።